ጦር ሳይመዘዝ የታየ ጀግንነት
የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ታሪክ

ጀግና የሚለውን ቃል በሰማን ጊዜ ለአብዛኞቻችን ቶሎ ብሎ በዓይነ ኅሊናችን የሚታየን ጋሻውን አንግቦ፤ ጎራዴውን መዞ ወደ ጠላት የሚሮጥ ሰው ነው። ይህ አሳብ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። አገራችን በእንደነዚህ ያሉ ሰዎች ደም ተጠብቃ መኖሯን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ነጋሪት ባልተጎሰመበት፤ ጦር ባልተሰበቀበት ቀን፤ ሰው በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ የሚመጣበት ሌላ ፈተና አለ። በጦር ሜዳ ላይ ወታደሩን ጓደኛው ያየዋል፤ ፉከራውና ሽለላው ያነሣሣዋል፤ ቢወድቅም ስሙ ይቀርለታል። በዚህኛው ፈተና ግን ሰው ብቻውን ነው። የሚያየው የለም፤ የሚዋጋውም ከገዛ ልቡ ጋራ ነው።

ዛሬ ለአንባብያን የማቀርበው ታሪክ የዚህ ዓይነቱ ጀግንነት ታሪክ ነው። ባለታሪኳም ሠራዊት ሲመሩ የኖሩ፤ የጦርነትን መልክ ጠንቅቀው የሚያውቁ የወሎ እመቤት ወይዘሮ ወርቂት ናቸው።

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ መንገደኛ የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ እያቋረጠ ይሄዳል። ምድሩ ብርዳም ነው፤ ገብስና ስንዴ ያበቅላል፤ በግም ይረባበታል። ሜዳው ለጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ ድንገት ይቆረጥና ከሥሩ ጥልቅ ሸለቆ ይታያል። በስተምዕራብ ዓባይ፤ በስተሰሜን በሽሎ፤ በስተደቡብ ወንጪት ይህን ደጋ እንደ ቅጥር ከበውታል። ቦረናና ሳይንት፤ ለጋምቦና ወረኢሉ፤ ተንታና ከላላ የሚገኙት በዚህ ቅጥር ውስጥ ነው። መካነ ሰላም የቦረና ከተማ ናት፤ የስሟም ትርጓሜ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲታለፍ ደግሞ ስሟ ከሰላም ይልቅ ከሰንሰለትና ከመድፍ ጋራ የሚነሣው የመቅደላ አምባ ትገኛለች። ታሪካችን የተፈጸመው በዚሁ ደጋ ላይ ነው።

በዘመነ መሳፍንት ጊዜ የዚህን አገር አብዛኛውን ክፍል ይገዙ የነበሩት ኢማም የሚል የማዕርግ ስም የያዙ የወረ ሂማኖ ባላባቶች ነበሩ። ይህ ቤት ኃይለኛ ቤት ነበር። የራስ አሊ እናት እቴጌ መነንም የተወለዱት ከዚሁ ከወሎው ኢማም ሊበን ቤት ነው። እቴጌ መነን በ1839 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን አስከትተው ከቋራው ካሣ ኃይሉ ጋራ ተዋግተው፤ ቆስለው መማረካቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ይህንን ማስታወሳችን ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያን ዘመን በወሎ ባላባቶች ቤት ሴት ልጅ ጓዳ ተቀምጣ እህል የምታሰፍር ብቻ እንዳልነበረች፤ ባል ሲሞት ወይም ልጅ ሕፃን ሲሆን አገር የማስተዳደሩና ጦር የማዘዙ ነገር በእጇ ይገባ እንደ ነበር ለማስረዳት ነው።

ወይዘሮ ወርቂት ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ናቸው። ስለ ልጃቸው ስለ አመዴ መብት ቆመው፤ የልጃቸውን ርስት ለማስከበር ጭፍራ አሰልፈው አገር የያዙ እመቤት ነበሩ። የውጭ አገር ጸሐፊዎችም የወሎ ንግሥት እያሉ ይጠሯቸዋል። ተቀናቃኝ ግን አላጡም። ወይዘሮ መስተዋት የተባሉ ሌላ እመቤት ደግሞ በበኩላቸው የሌላውን ወራሽ መብት ይዘው ይሟገቷቸው ነበር። ስለዚህ ወይዘሮ ወርቂት በአንድ ወገን ከገዛ ወገናቸው፤ በሌላ ወገን ከታላቁ ንጉሠ ነገሥት ጋራ እየታገሉ ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

ታላቁ ንጉሠ ነገሥት ያልናቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑ ጊዜ የተከፋፈለችውን አገር አንድ አደርጋለሁ ብለው ተነሡ። ይህን አሳባቸውን ዛሬ የማያመሰግን ሰው የለም። ዘውድ ጭነው ጥቂት ወራት እንኳ ሳያልፍ ወሎ ዘመቱ፤ በ1848 ዓ.ም. መባቻም መቅደላን ያዙ። ወሎ ግን በአንድ ዘመቻ የሚያልቅ አገር ሆኖ አልተገኘም። ንጉሠ ነገሥቱ ሲመጡ ሕዝቡ ይበተናል፤ ሲመለሱ ደግሞ ይሸፍታል። ከዓመት ዓመት የተመላለሰው ዘመቻ አገሩን አጠፋው፤ ልብንም አሻከረው።

መቅደላ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት፤ ዙሪያዋን ገደል የሆነች፤ በጥቂት በር ብቻ የሚገባባት አምባ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህችን አምባ ግምጃ ቤታቸውም፤ ወህኒ ቤታቸውም አደረጓት። ያሸነፏቸውን መሳፍንትና መኳንንት፤ የሚጠረጥሯቸውንም ሰዎች በዚያ ሰበሰቡ። ከእስረኞቹም መካከል የወይዘሮ ወርቂት ልጅ አመዴና ብዙ የወሎ ባላባቶች ነበሩ። እናት ጦሯን ይዛ በሜዳ፤ ልጇ ሰንሰለቱን ይዞ በአምባ ላይ፤ እንዲህ ባለ ኑሮ ዓመታት አለፉ።

በዚያው አምባ ላይ ሌላም ወጣት ነበር፤ የሸዋው ንጉሥ የኃይለ መለኮት ልጅ ምኒልክ። ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በወረሩ ጊዜ ሞቱ። ልጃቸው በዚያን ጊዜ ገና የ11 ዓመት ብላቴና ነበሩ፤ ተማርከውም ተወሰዱ። የምኒልክ እስራት ግን የብረት እስራት አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ልጃቸው አድርገው አሳደጓቸው፤ የደጃዝማችነትን ማዕርግ ሰጧቸው፤ ሴት ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽንም ዳሩላቸው። ይሁን እንጂ የአባትን ርስት ፍቅር አይሽረውም። ከሸዋ አብረዋቸው የመጡት እንደ ጀርማሜ ያሉት ሰዎችም የአባታቸውን አገር እንዳይረሱ ዘወትር ያሳስቧቸው ነበር።

አሥር ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፤ ሰኔ 24 ቀን 1857 ዓ.ም. ሌሊት፤ ምኒልክ ሚስታቸውን ትተው፤ ከእናታቸው ከወይዘሮ እጅጋየሁና ከታማኝ ሰዎቻቸው ጋራ ከአምባው ወጥተው ጠፉ። ዘበኞቹ እንዳይነቁ አስቀድሞ ግብዣ ተደርጎላቸው እንደ ነበረ ይነገራል። ጊዜው የክረምት መግቢያ ነው። ምድሩ ጭቃ፤ ወንዙ ሙሉ፤ ሰማዩ ጉም ለብሶ ነበር። ከመቅደላ እስከ ሸዋ ድንበር ያለው አገር ሁሉ የወሎ አገር ነው። ከኋላ ንጉሠ ነገሥቱ አሉ፤ ከፊት ደግሞ ወይዘሮ ወርቂት። ስለዚህ የሃያ ዓመቱ ወጣት ምርጫ አልነበራቸውም፤ ልጃቸው በመቅደላ ከታሰረባቸው እመቤት ሰፈር ገብተው እጃቸውን ሰጡ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ነገሩን በወይዘሮ ወርቂት ቦታ ተቀምጠህ ተመልከተው። ዓመታት ሙሉ በጦር ልታስመልሰው ያልቻልከው ልጅህ በአምባ ላይ በሰንሰለት ታስሯል። አንድ ማለዳ ግን የጠላትህ አማች፤ እርሱ እንደ ልጁ ያሳደገው፤ ለመንግሥቱም እጅግ የሚያሰጋው ሰው፤ ሳትዋጋ፤ ጥይት ሳትተኩስ፤ በገዛ እግሩ ከቤትህ ገባ። ይህን ሰው ብትመልሰው ልጅህ የሚለቀቅ ይመስልሃል። አንድ መልእክተኛ መላክ ብቻ ይበቃል። ከዚህ የበለጠ ምን ዓይነት ፈተና በእናት ላይ ሊመጣ ይችላል?

ወይዘሮ ወርቂት መማክርታቸውን ሰበሰቡ። ምክሩም ለሁለት ተከፈለ። ከመኳንንቱ መካከል ምኒልክን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጥተን ልጃችንንና ወገኖቻችንን እንለውጥ ያሉ ነበሩ። ይህ ምክር የክፉ ሰዎች ምክር ነው ልንል አይገባም። የእነርሱም ወንድሞችና ልጆች በአምባው ላይ ነበሩና። በሌላው ወገን ግን የተማጠነን እንግዳ አሳልፎ መስጠት በወሎ ደጋ ነውር ነበር። ቤት የገባን ሰው የሚሸጥ ባላባት ከዚያ በኋላ በማን ፊት ፊቱን ያሳያል? በማንስ ቃል ይታመናል? ከዚህም ሌላ ምኒልክ ከዳኑና የአባታቸውን አገር ከያዙ ለወሎ ብርቱ ወዳጅ ሊሆኑ እንደሚችሉ ማስተዋል ለፖለቲካ ሰው የሚያስቸግር አልነበረም።

በዚህ ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች ነገሩን በሁለት መንገድ ይተርኩታል። አንዳንዶቹ ወይዘሮ ወርቂት ከመጀመሪያው ጀምሮ እንግዳቸውን በክብር ተቀበሉ ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ እመቤቲቱ በልውውጡ አሳብ ጥቂት አመንትተው ነበር፤ ቁርጡ የታወቀው ከመቅደላ ወሬ ከመጣ በኋላ ነው ይላሉ። እኔ በበኩሌ ሁለተኛው አተራረክ የእመቤቲቱን ክብር የሚቀንሰው ሆኖ አይታየኝም። ልጇ በሞት አፋፍ ላይ ቆሞ ለአንድ ሰዓት እንኳ የማታመነታ እናት ብትኖር ስለ ድፍረቷ ሳይሆን ስለ እናትነቷ እንጠይቅ ነበር። ጀግና ማለት የማይፈራና የማያመነታ ሰው ማለት አይደለም፤ ፈርቶና አመንትቶ ሲያበቃ ትክክለኛውን ነገር የሚያደርግ ሰው ነው እንጂ።

ከመቅደላ የመጣው ወሬ ግን ምንድን ነበር? ሲነጋ የምኒልክ መጥፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ ተነገራቸው። በኋላ በአምባው ላይ የታሰሩ እንግሊዛውያን ከሰሙት ጽፈው እንዳቆዩት፤ ንጉሠ ነገሥቱ በመነጽር ሲመለከቱ ምኒልክ በወይዘሮ ወርቂት ሰፈር በክብር ሲቀበሏቸው አዩ። እንደ ልጅ ያሳደጉት ሰው ከዳቸው፤ ዓመታት ሙሉ ያስቸገረቻቸው እመቤትም ተቀበለችው። ቁጣቸውም እንደ እሳት ነደደ። የወይዘሮ ወርቂትን ልጅ አመዴንና ከሃያ በላይ የሚሆኑ የወሎ ባላባቶችን ከእስር ቤት አስወጥተው በግፍ አስገደሏቸው፤ ሬሳቸውም ከገደል ተወረወረ። ልውውጥ የሚባል ነገር ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አበቃ።

የታሪኩ ዋና ቁም ነገር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰዎች የወይዘሮ ወርቂት ፈተና በዚህ አለቀ፤ ልጃቸው ከሞተ በኋላ ምኒልክን መልቀቅ ምን ይቸግራል ይሉ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን ከመጀመሪያው የሚበልጠው ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፈተናው የተስፋ ነበር፤ አሁን ግን የኀዘንና የቁጣ ሆነ። ለልጃቸው ሞት ምክንያት የሆነው ሰው እነሆ በድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጧል። እርሱ ባይጠፋ ኖሮ፤ ወይም በሌላ መንገድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ፤ ልጃቸው በሕይወት በኖረ ነበር። በሰፈሩም ውስጥ ልጅና ወንድም የሞተበት ሰው ብዙ ነው። አንዲት ቃል ቢናገሩ፤ ወይም ዝም እንኳ ቢሉ፤ ምኒልክና እናታቸው ከዚያ ሰፈር በሕይወት ባልወጡም ነበር። ማንም አይፈርድባቸውም ነበር።

ወይዘሮ ወርቂት ያችን ቃል አልተናገሩም። ምኒልክን አጃቢ ሰጥተው፤ የወሎን አገር በሰላም አሳልፈው ወደ ሸዋ ሸኟቸው። አንዲት እናት ልጇ ሞቶባት፤ እናቲቱን ሌላዪቱን ከነልጇ በሕይወት ሰደደቻት። ጦር አልተመዘዘም፤ ጥይት አልተተኮሰም። ነገር ግን በዚያ ደጋ ላይ ከተደረጉት ብዙ ጦርነቶች ሁሉ ይህን የሚያህል ድል የተገኘበት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነው በሰፊው የታወቀ ነው። ምኒልክ በዚያው ክረምት ሸዋ ገቡ። ሸዋን ይዞ የነበረው በዛብህ ሊቋቋማቸው ሞክሮ ሠራዊቱ ስላልቆመለት ተሸነፈ፤ ምኒልክም አንኮበር ገብተው የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። በ1882 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ዓድዋ ላይ የተደረገውን ማንም የሚረሳው አይደለም። ታሪክ በቢሆን ኖሮ አይጻፍም። ቢሆንም የዓድዋን ድል በምናስታውስበት ጊዜ፤ ከዚያ ሠላሳ ዓመት አስቀድሞ በወሎ ደጋ በዝናብ ውስጥ ከተተከለ አንድ ድንኳን የተሰጠውን ፍርድ አብረን ብናስታውስ ስሕተት አይሆንም።

ወይዘሮ ወርቂት ግን ለፍርዳቸው የተቀበሉት ዋጋ ደስታ አልነበረም። ልጃቸው ሲሞት የሚሟገቱለት መብት አብሮ ሞተ። ተቀናቃኛቸው ወይዘሮ መስተዋት በረቱባቸውና አገራቸውን ለቀው ወደ ሸዋ፤ ወደ ምኒልክ ዘንድ ተሰደዱ። ትናንት አስጠጊ የነበሩት ዛሬ ተጠጊ ሆኑ። ምኒልክም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሠራዊታቸውን ይዘው እስከ መቅደላ አቅራቢያ መጥተው ነበር፤ ነገር ግን አምባዪቱን ሳይወጉ ተመለሱ።

በዚያው ዓመት በጀኔራል ናፒየር የሚታዘዘው የእንግሊዝ ጦር መጣ። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ተደረገ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ደግሞ መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን ለባዕድ አልሰጥም ብለው የገዛ ሕይወታቸውን አሳለፉ። እንግሊዞች አምባዪቱን ለማን እንስጥ ብለው በተጨነቁ ጊዜ በመጀመሪያ የዋግሹም ጎበዜ ወገን ተጠየቀ፤ እርሱም አልፈልግም አለ። ሁለቱ የወሎ እመቤቶች፤ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት፤ ለእኔ ይገባኛል እያሉ ቀረቡ። ወይዘሮ ወርቂት የልጃቸው ደም የፈሰሰባትን አምባ በዓይናቸው አዩ፤ እጃቸው ግን አላስገቧትም። በመጨረሻ እንግሊዞች ሚያዝያ 10 ቀን መቅደላን አቃጥለው ሄዱ።

ይሁን እንጂ ወሎና ሸዋ በዚያ ሌሊት የጀመሩት ዝምድና አልተቋረጠም። ከዚያው ከወሎ ባላባቶች ቤት የተወለዱት መሐመድ አሊ በምኒልክ ተደግፈው ተነሡ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ የምኒልክንም ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ። ከዚህ ጋብቻ የተወለዱት ልጅ ኢያሱ የአያታቸው አልጋ ወራሽ እስከ መሆን ደረሱ። አንድ ጊዜ በጠላትነት ይተያዩ የነበሩ ሁለት ቤቶች ደማቸው በአንድ ሕፃን ውስጥ ተገናኘ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ በማነብበት ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስን እንደ ጨካኝ ብቻ፤ ወይዘሮ ወርቂትን ደግሞ እንደ መልአክ ብቻ አድርጎ መመልከት እንዳይገባ ተገንዝቤአለሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ታላቅ አሳብ የነበራቸው፤ አገራቸውን የሚወዱ፤ ለሞትም ያልሳሱ ንጉሥ ነበሩ። በጦር ሜዳ ከእርሳቸው የሚበልጥ ደፋር ሰው በዘመናቸው አልነበረም። ነገር ግን በዚያች አንዲት ማለዳ ቁጣ አሸነፋቸው። ወይዘሮ ወርቂትም የሥልጣን ሰው ነበሩ፤ ጥቅማቸውን የሚያስቡ፤ ከተቀናቃኛቸው ጋራ የሚጣሉ ሰው ነበሩ። ነገር ግን በዚያችው ማለዳ ቁጣን አሸነፉት። ሁለቱም የጦር ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ተቆጡ፤ ሁለቱም በእጃቸው የሰው ሕይወት ነበረ። ልዩነታቸው ይህ ብቻ ነው፤ ይህም ልዩነት ቀላል አይደለም።

እኛ የዛሬ ወጣቶች፤ በትምህርት ቤት ያለነውም ሆነ በመንግሥት ሥራ የተሰማራነው፤ ጋሻና ጦር አንግበን መቅደላን አንከብም ይሆናል። ነገር ግን የሰው ጉዳይ በእጃችን ይገባል። በጠረጴዛችን ላይ ያለው መዝገብ የአንድ ሰው እንጀራ ነው፤ የምንጽፈው ማስታወሻ የአንድ ሰው ስም ነው። ያ ሰው ምናልባት የበደለን፤ ወይም የበደለን ሰው ዘመድ ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት የሚያየን የለም። የያዝነውን ሰው አሳልፈን ብንሰጠው ጥቅም እናገኝ ይሆናል፤ ብንጎዳውም ማንም አይጠይቀን ይሆናል። የወይዘሮ ወርቂት ድንኳን የምትተከለው ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም በመቅደላ አምባ ስም በተሰየመው ዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ይማራሉ። በክረምት መግቢያ፤ ጉሙ ከዓባይና ከበሽሎ ሸለቆ ተነሥቶ ደጋውን ሲያለብሰው፤ ከእነርሱ አንዱ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢመለከት አምባዪቱን ላያያት ይችላል። ቢሆንም በዚያ አቅጣጫ፤ በእንደዚያ ያለ ጉም ውስጥ፤ አንዲት የጦር እመቤት ልጇን አጥታ የሌላዋን ልጅ በሰላም እንደ ሸኘች ያስታውስ። የሰላም ስፍራ የሚለው ስም ለዚያች ከተማ ብቻ የተሰጠ መሆን የለበትም፤ ያን ቀን የወይዘሮ ወርቂት ድንኳንም የሰላም ስፍራ ነበረች።